እጅ ያልነካው መደርደሪያ

መጽሐፉን ከመክፈቷ በፊት አሸተተችው። ልማዷ ነው። ሌላ ሰው መጽሐፍ ሲያነሣ ርዕሱን ያያል፣ እሷ መጀመሪያ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። የምትሠራበት የሳሙና ፋብሪካ ሰዎች "አፍንጫ" የሚል ስም ያወጡላትም ለዚህ ነው። በፊቷ ደፍሮ የሚጠራት የለም እንጂ ስሙን ታውቀዋለች፣ ደግሞም አልጠላችውም።

ልጆች የሚያነቡት መጽሐፍ ላብ ላብ ይላል፣ ዳቦ ዳቦ ይላል፣ እርሳስ እርሳስ ይላል። ይሄኛው ሙጫ ሙጫ አላት። መለሰችውና ሌላ አወጣች፤ አሁንም ሙጫ። ከታችኛው ረድፍ፣ ልጆች በቀላሉ ከሚደርሱበት፣ አንድ ወፍራም ተረት መዛ ገጾቹን በአውራ ጣቷ ለቀቀቻቸው። ተጣብቀው የነበሩ ገጾች ተራ በተራ ጠሽ ጠሽ እያሉ ተላቀቁ። ከማተሚያ ቤት ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ የወጡት ግን ዛሬ ጠዋት ይመስል ነበር።

"እንዴት አገኙት እመቤቴ? አንዲት ነጥብ የለባቸውም!" አለ ርዕሰ መምህሩ፣ እጁን እያፋተገ። ወገቡ ላይ የተንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ አብሮት ተንሿሿ። ይህ ሰው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ተማሪዎቹ በሌለበት "ቁልፌ" ይሉታል።

"አዎ፣ ምንም የለባቸውም" አለች። ቁልፌ ምስጋና መስሎት ፊቱ በራ። ምስጋና አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ከሚሸጠው ሳሙና ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ በየአገሩ ላሉ ድሃ ትምህርት ቤቶች የንባብ ክፍል ያደራጃል። መጽሐፍ ይሰጣል፣ ቁምሳጥን ይሰጣል፣ አንዳንድ ቦታ የንባብ መምህር ደሞዝም ይከፍላል። በሳሙናው መጠቅለያ ላይ ሁሉ መጽሐፍ ታቅፋ የምትስቅ ልጅ ሥዕል አለ። የአፍንጫ ሥራ የተሰጠው ነገር በተሰጠው ቦታ መኖሩን እየዞሩ ማየት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ኦቾሎኒ ሻጭ ዘንድ ቆማ ስትገዛ፣ ኦቾሎኒው የተጠቀለለበት ወረቀት የፋብሪካው ማኅተም ያለበት የልጆች መጽሐፍ ገጽ ሆኖ አገኘችው። የወረቀቱን ዱካ ተከትላ ሄዳ የሸጠውን ትምህርት ቤት እጅ ከፍንጅ ያዘች። ፋብሪካው አጨበጨበላት። አለቃዋ፣ የባለቤቱ የወንድም ልጅ፣ ያን ዕለት አንድ ነገር ተናገረ፦ "እንዲህ ያለ ነገር ድጋሚ ከሰማሁ የንባብ ክፍሎቹን በሙሉ እዘጋቸዋለሁ።"

ይህን ትምህርት ቤት ደግሞ ለምና ያስገባችው እሷ ራሷ ነበረች። አለቃዋ "ሩቅ ነው፣ ለካሜራም አይመችም" ሲል "ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን" ብላ ነው ያሳመነችው። ስለዚህ እዚህ የሸተታት ነገር እውነት ከሆነ የምትዘጋው ይህች የንባብ ክፍል ብቻ አይደለችም። በየአገሩ ያሉትም አብረው ይሄዳሉ። ግድግዳው ሥር ቆማ ዝም ብላ የምታያት ቀጭኗ የንባብ መምህርትም ከነገ ወዲያ ደሞዝ የላትም።

ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አንድ ትልቅ ዋንጫ ቆሟል። "በአያያዝ አንደኛ የወጣ የንባብ ክፍል" ይላል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የሸለመቻቸው እሷ ናት። አሁን ዋንጫውን ስታየው አንድ ጥርጣሬ መጣባት። ምናልባት እነዚህ መጻሕፍት እሷ በመጣች ቁጥር ከሆነ ቦታ ተበድረው የሚመጡ ቢሆኑስ?

"እስኪ አንድ ተማሪ ታንብብልኝ" አለች።

"ወዲያውኑ! የኛን ጎበዝ ልጥራልዎ፣ እሷ እኮ..."

"የለም፣ እኔ ነኝ የምመርጠው።"

ወደ ግቢው ወጥታ፣ ገመድ ከሚዘሉት መሀል አንዲት እዚህ ግባ የማትባል፣ አንዱ ካልሲዋ ቡኒ ሌላው ሰማያዊ የሆነች ልጅ ጠራች። ጓደኞቿ "ድንቢጥ! ድንቢጥ ተጠራች!" ብለው ተንጫጩ። ድንቢጥ የደብተር ቦርሳዋን በብብቷ እንደ ሸጎጠች መጣች። በሩ ላይ ካለው የውሃ ባልዲ እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋ ቆመች። የንባብ መምህርቷ መጽሐፍ ከፍታ ከፊቷ ያዘችላት።

ልጅቷ አነበበች። አነባበብ ብቻ ነው እንዴ! ጅቡ ሲናገር ድምጿን ታወፍራለች፣ ጥንቸሏ ስትናገር ታቀጥናለች፣ ነጠላ ሰረዝ ስታገኝ ትተነፍሳለች። አፍንጫ በሆዷ ተደነቀች፣ በፊቷ ግን ኮስተር አለች።

"ለምን ራስሽ አትይዢውም?"

ድንቢጥ ቁልፌን አየችው። ቁልፌ ጣራውን አየ። "ጉንፋን ይዟት ነው" አለ።

"ጉንፋን በእጅ ነው የሚይዘው?"

"ይተላለፋል ብለን ነው እመቤቴ። ለጥንቃቄ።"

አፍንጫ ከቦርሳዋ የዕለቱን ጋዜጣ አውጥታ ለልጅቷ ዘረጋችላት። በቃሏ አጥንታ ከሆነ ጋዜጣው ያጋልጣታል። ድንቢጥ ጋዜጣውን ግን ያለ ምንም ፍርሃት በእጇ ተቀበለች፣ ጣቷን ምራቅ አስነካች፣ ገጹን ገለጠች፣ ስለ ውሃ ቧንቧ ጥገና የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ረጅም ቃል ላይ ብቻ ትንሽ ተደነቃቀፈች።

እንግዲህ ይህ ነው ነገሩን ያባሰው። መጽሐፎቹን እጅ አልነካቸውም፤ ልጅቷ ግን አጥርታ ታነባለች። ከየት ተማረችው? ደግሞም ልጅቷ ጋዜጣውን ስትመልስላት ሽው ያለ ሽታ አፍንጫዋን ነካው። የሳሙና ሽታ ነው፣ ያውም የራሳቸው ፋብሪካ ሳሙና። ከታጠበ እጅ የሚመጣ አልነበረም፤ ከብብቷ ሥር፣ ከቦርሳው ነው የመጣው።

"እዚህ ውስጥ ምን አለ?"

ድንቢጥ ቦርሳዋን በሁለት እጇ እቅፍ አደረገችው።

"ደብተሯ ነው" አለች የንባብ መምህርቷ። ጠዋቱን ሙሉ ያወጣችው ቃል ይህ ብቻ ነበር፣ እሱም ከመጠን በላይ ፈጥኖ ወጣ።

*

መኪናው ጥቂት እንደ ሄደ ሾፌሩ ውሃ ጠማኝ ብሎ አንድ ሱቅ በር ላይ አቆመ። ዕድሜው የገፋ፣ ነገር የማያልፈው ሰው ነው፤ አፍንጫ "ጋሼ" ትለዋለች፣ እሱ "ልጄ" ይላታል። እሷም እግሯን ልታፍታታ አብራው ወረደች።

ባለሱቁ ለአንዲት ሴት ሳሙና እየሸጠ ነበር። ሳሙናውን ከመስጠቱ በፊት መጠቅለያውን እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ ገፈፈው፣ በመዳፉ አስተካከለው፣ ከባንኮኒው ሥር ካለ ፌስታል ውስጥ አስገባው። ሴትዮዋም ምንም ሳይደንቃት ራቁቱን ሳሙና ይዛ ሄደች። አፍንጫ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለች።

"መጠቅለያውን ምን ያደርግልሃል?" አለች፣ እንደ ዋዛ።

"ለእኔ አይደለም፣ ለትምህርት ቤቱ ነው" አለ ባለሱቁ። "እኔ ብቻ አይደለሁም እኮ፣ ልብስ አጣቢዎቹም ፀጉር ቤቱም ያጠራቅሙላቸዋል። ልጆቹ እየመጡ ይወስዳሉ።"

"ለምን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? መምህርቷ አደራ እንዳትቀድዱብን ብላለች፣ አንቀድድም።"

ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ውሃውን ጠጥቶ ይሄዳል። የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ ግን ባዶ መጠቅለያ የሚሰበስብ ሰው ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ሞራና ኮስቲክ ሶዳ በበርሜል ቀቅለው፣ ቆራርጠው፣ በእውነተኛው መጠቅለያ ጠቅልለው የሚሸጡ ሰዎች ፋብሪካውን ካደሙት ቆይተዋል። ያን ሳሙና የተጠቀመ ሕፃን ቆዳው ይላጣል፣ እናቱ የምትረግመው ግን ፋብሪካውን ነው። በየቢሮው ግድግዳ ላይ "ባዶ መጠቅለያ የሚሰበስብ ካያችሁ ጠቁሙ" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

መኪናው ውስጥ ገብታ ነገሩን አንድ በአንድ ገጣጠመችው። ያልተነካ መጽሐፍ፣ ቁልፍ የማይለየው ርዕሰ መምህር፣ ሳሙና ሳሙና የሚል የልጅ ቦርሳ፣ አፏን የዘጋች መምህርት። ልጆቹን ማስተማራቸው ለሽፋን ነው! ልጆችን እንኳ ለዚህ! ደሟ ፈላ።

ለአለቃዋ ደወለች። እሱ ሰምቶ እስኪጨርስ እንኳ አልታገሠም።

"አላልኩሽም? ነገ ጠዋት የጥበቃ ኃላፊውንና ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ የንባብ ክፍል የሚባል ነገር እንዳትጠሪብኝ። የትም!"

"መጀመሪያ በዓይኔ ልየው" አለች። "ዛሬ ሳይመሽ እደውልልዎታለሁ።"

"የአንቺ አፍንጫ ከሸተተው ምን መታየት ያስፈልገዋል?" አለና ዘጋው። ይህ ሙገሳ በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባሰኛት ነበር።

"ጋሼ፣ መልሰኝ። ግን በኋላ በር።"

ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። "ልጄ፣ ጉብኝት ነው ወይስ ስለላ? ስለላ ከሆነ የደሞዝ ጭማሪ ልጠይቅ ነው።"

አልሳቀችም።

*

የኋላው በር የሚዘጋው በሽቦ ነው። ፈታችውና ገባች። ከንባብ ክፍሉ ጀርባ የተሰበሩ ወንበሮች የሚጣሉበት ቆርቆሮ ቤት አለ፤ ከርቀት የልጆች ጫጫታ ይሰማል፣ ሲቀርቡት ደግሞ ሽታው። ሳሙና፣ ሳሙና፣ ሳሙና። በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

ጥግ ላይ አፋቸው ድረስ ባዶ መጠቅለያ የሞላባቸው ጆንያዎች ተደርድረዋል። መሬት ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ልጆች ተቀምጠውበታል። አንዳንዶቹ የተጨማደደ መጠቅለያ በጠርሙስ እየዳመጡ ያቃናሉ። የንባብ መምህርቷ የማዳበሪያ ጆንያ የሚሰፋበት ወፍራም መርፌ ይዛ መሀላቸው ተቀምጣለች። ሁሉም ክው ብለው ቀሩ።

"ያዝኳችሁ!" አለች አፍንጫ። "ሳሙናው የታለ?"

"የምን ሳሙና?" አለች መምህርቷ።

"አታሹፊብኝ! የምትጠቀልሉበት ሳሙና! የት ነው የምትቀቅሉት? ለማን ነው የምታስረክቡት? ነገ ፖሊስ ይመጣል፣ ዛሬ ብትናገሪ ይሻልሻል።"

ፖሊስ የሚለውን ሲሰሙ ትንንሾቹ ማልቀስ ጀመሩ። ከደጅ የቁልፍ መንሿሿት እየቀረበ መጣ፤ ቁልፌ ላብ በላብ ሆኖ በሩ ላይ ተገተረ። "እመቤቴ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ መጽሐፎቹን አንድም ልጅ አልነካቸውም!" አለ። ማንም ያን አልጠየቀውም።

በዚህ መሀል ድንቢጥ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሮጠች። አፍንጫ ቦርሳዋን ያዘችባት። ቦርሳው ተከፈተና አንድ ነገር መሬት ላይ ዱብ አለ።

መጽሐፍ ነበር። ወይም መጽሐፍ ለመሆን የተቻለውን ያደረገ ነገር። የሳሙና መጠቅለያዎች ነጩ ውስጣቸው ወደ ላይ ተደርጎ ተደራርበው በጆንያ ክር ተሰፍተዋል። ጠርዞቹ ተበልተዋል፣ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ጽሕፈት አለ፤ አንዳንዱ የመምህርት ጽሕፈት፣ አንዳንዱ የልጅ፣ እየተንጋደደ ቁልቁል የሚወርድ። አፍንጫ ሳታስበው ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ከሳሙናው ሥር ደግሞ ላብ፣ ዳቦ፣ እርሳስ፣ የልጅ ትንፋሽ። ሰው ሰው ይላል። በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ የተነበበ መጽሐፍ ይዛ አታውቅም።

ከፈተችው። "አንድ ሰው ነበር" ይላል የመጀመሪያው ገጽ። "ቁልፍ በጣም ይወድ ነበር። ሌባ ይወስድብኛል ብሎ ፈራና ዋጠው። ከዚያ በኋላ ቤቱ መግባት አልቻለም። ሲሄድ ሆዱ ውስጥ ቅጭል ቅጭል ይላል።"

ሳቋ አመለጣት። ቁልፌ በትከሻዋ በኩል አንገቱን አስግጎ አነበበ፣ ምንም እንዳልገባው ሰው ሆኖ አንገቱን መለሰ።

"ይህን ማን ጻፈው?"

ድንቢጥ መሬት መሬት አየች።

"መጽሐፍ ሞልቶላችሁ" አለች አፍንጫ፣ ድምጿ እየላላ፣ "ለምን በቆሻሻ ወረቀት?"

"እርስዎን ፈርተን ነው" አለች መምህርቷ።

"እኔን?"

"የመክፈቻው ዕለት የተናገሩትን ረሱት እንዴ?"

አልረሳችውም፤ አስባው ግን አታውቅም። በየትምህርት ቤቱ የምትለው ያው ነው፦ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቋቸው፤ ምራቅ የነካው ጣት እነዚህን ገጾች እንዳይነካ፤ አንድ የተቀደደ ባገኝ ሁሉንም ጭኜ ነው የምሄደው። ሌላው ትምህርት ቤት አጨብጭቦ ረሳው። ይሄኛው ቁልፌ ያለበት ትምህርት ቤት ነበር። በነጋታው ቁምሳጥኑን ቆለፈ። በሳምንት አንድ ቀን አንድ መጽሐፍ ያወጣል፣ መምህርቷ የሐኪም ጓንት አጥልቃ ታነባለች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል፣ ልጆቹ ከሩቅ ያያሉ። መምህርቷ ቤቷ ሄዳ የቻለችውን ያህል ከማስታወሷ ትጽፋለች። ወረቀት መግዣ ስለሌላት በሳሙና መጠቅለያ ጀመረች። ልጆቹ እየተቀባበሉ ገለበጡት፣ ከዚያ የራሳቸውን ጨመሩበት። እሷ ደግሞ መጥታ ያልተነኩትን መጻሕፍት እያየች ዋንጫ ሸለመቻቸው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

አፍንጫ ኩም አለች። ሰው የሚያፍርበት ቦታ ቢኖር ያ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ቀኑን ሙሉ ልጆቹን የሚበድል ክፉ ሰው ፍለጋ ስትዞር ነበር፤ የፈለገችው ሰው ግን ዋንጫ ተሸክማ ስትመጣ የኖረችው ራሷ ሆነች።

*

ወደ ንባብ ክፍሉ ተመልሳ ለአለቃዋ ደወለች፤ መምህርቷ፣ ቁልፌና የመጠቅለያ መጽሐፎቻቸውን ያቀፉት ልጆች ምን ሊመጣባቸው እንደሆነ ለመስማት ተከትለዋት ገብተዋል። ሁሉም እንዲሰሙ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው። ሳሙና እንዳልተቀቀለ፣ ፖሊስ እንደማያስፈልግ፣ ልጆቹ በመጠቅለያው ምን እንደ ሠሩ ነገረችው። ከዚያ አለቃው ሳቀ።

"በእኛ መጠቅለያ? ሥዕላችን ያለበት? ይሄ እኮ ወርቅ ነው! ስሚኝ፣ ሁሉንም ሰብስቢልኝ። አንድም እንዳይቀር። በዋናው መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን አስቀምጣቸዋለሁ። ነገ ፖሊሱን ትቼ ካሜራ ይዤ እመጣለሁ።"

"ልጆቹ የሚያነቡት እኮ እሱን ነው" አለች።

"መጽሐፍ ሰጥተናቸው የለም እንዴ? ሰብስቢ አልኩሽ።"

ይህን የሰማው ቁልፌ ጊዜ አላጠፋም። ፊቱ እንደገና በራ። "ሰማችሁ? ዋና ባለቤቶቹ ወደዱት! በሉ አምጡ፣ ሁላችሁም አምጡ! ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካቸው! እጅህን አንሣ አንተ፣ ታቆሽሸዋለህ!" እያለ ከእያንዳንዱ ልጅ እጅ የመጠቅለያ መጽሐፉን እየነጠቀ በክንዱ ላይ ደረደረ። ቁምሳጥኑን ከፈተ፣ በአዲሶቹ መጻሕፍት ጎን አሰለፋቸው፣ የመስታወት በሩን ዘጋ፣ ቀጭ አድርጎ ቆለፈ። ቁልፍ የዋጠው ሰው ያለበት የድንቢጥ መጽሐፍ ከሁሉ ፊት ቆመ። ልጆቹ አላለቀሱም። ተደርድረው መስታወቱን አዩት፣ እንደ ለመዱት። አፍንጫን ከለቅሶው ይልቅ የጎዳት ይህ ነበር።

ስልኩ ገና አልተዘጋም፣ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር።

"አለቃ፣ አይሆንም" አለች። "ይሸታሉ።"

"ምን?"

"ይሸታሉ። እንግዳ የሚገባበት አዳራሽ አይቀመጡም። እኔ አሸትቻቸዋለሁ።"

"ምን ምን ይላሉ?"

"ሰው ሰው።"

አለቃው ተጸየፈ፤ መጸየፉ በስልክ ይሰማ ነበር። በሌላ ነገር ይከራከራት ይሆናል፣ በዚህ ግን ፋብሪካው በሙሉ ለአፍንጫዋ እጁን ሰጥቷል። "በይ ተይው እንግዲያ" አለ። "ክፍሉስ? እንዴት ነው፣ ደህና ነው?"

"በጣም ደህና ነው። እንዲቀጥል ብዬ ነው የምጽፈው፣ የመምህርቷም ደሞዝ።" ዘጋችው። ከዚያ እጇን ወደ ቁልፌ ዘረጋች። "ቁልፉን ስጡኝ።"

ቁልፌ ቁልፉን በመዳፉ ሸፈነ። ዓይኑ ጠበበ። ጠዋት እሷ እሱን ባየችበት ዓይን አሁን እሱ አያት።

"ገባኝ" አለ ፈገግ ብሎ። "ፈተና ነው፣ አይደል? ከሰጠሁዎት ወድቄያለሁ። ሦስተኛው ዋንጫ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም!"

"ፈተና አይደለም። ልጆቹ እንዲያነቡ ነው።"

"እሺ እሺ፣ ገብቶኛል አልኩ እኮ እመቤቴ። አልሰጥም።"

ወደ መምህርቷ ዞረች። መምህርቷም ዓይኗን ሰበረች፤ እሷም አላመነቻትም። ከዓመት ዓመት ስትጠረጥር የኖረች ሴት በአንድ ክፍል ሙሉ ሰው ስትጠረጠር ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቀች። ሰውየውን ልለምን ብትል ነገሩ ውሎ ያድራል። ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣች፣ የቁምሳጥኑን አናት ዋንጫ አወረደች።

"ልጆች፣ ወደ ኋላ ራቁ" አለች።

በዋንጫው መስታወቱን መታችው። መስታወቱ ተንኮታኩቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ቁልፌ ጭንቅላቱን ያዘ፣ "ጉዴ ፈላ!" አለ፤ ሾፌሩ ከግቢው ሆኖ "ልጄ፣ ደህና ነሽ?" ብሎ ጮኸ። እሷ ስብርባሪውን በጫማዋ ገፋ ገፋ አደረገችና በቀዳዳው እጇን አስገባች። የመጠቅለያ መጽሐፎቹን እያወጣች ለባለቤቶቻቸው መለሰች። ከዚያ ጠዋት ያሸተተችውን ወፍራም ተረት አወጣችና ለድንቢጥ ዘረጋችላት።

ድንቢጥ እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"ውሰጂው።"

"አልታጠብኩም" አለች ልጅቷ።

"አትታጠቢ።"

ድንቢጥ መምህርቷን አየች፣ ቁልፌን አየች፣ የወደቀውን ዋንጫ አየች። በመጨረሻ አንድ እጇን አወጣች፣ ቆይታ ሌላውን። መጽሐፉን ተቀበለችና ሳትከፍተው ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ግንባሯን ቋጠረች።

"እትዬ፣ ይሄ ምንም ምንም አይልም።"

ልጅቷ መጽሐፉን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗን ከሴትዮዋ ፊት ሳትነቅል ጣቷን ወደ ምላሷ ወሰደች፣ ቀስ አድርጋ፣ በደንብ እንዲታይ፣ ምራቅ አስነካችው። ገጹን ገለጠች። ጥጉ ላይ እርጥብ፣ አቧራማ የጣት አሻራ ቀረ። ጠበቀች።

አፍንጫ ምንም አላለችም።

ድንቢጥ እንደገና ጣቷን ምራቅ አስነካችና ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች።